ሳይሰረቅ የሚያልቅ ባትሪ

በሰው ዘንድ ጠንቃቃ ተብሎ እንደ መታወቅ ያለ መከራ አላውቅም። ሰካራም የሚል ስም የወጣለት ሰው ቢያንስ ሌሊቱን ይተኛል። ጠንቃቃ የተባለው ግን የራሱ ሥጋት አልበቃ ብሎት የጎረቤቱንም ሥጋት ተሸክሞ ያድራል። ሠርግ የሚሄደው ሁሉ የቤቱን ቁልፍ እርሱ ዘንድ ያስቀምጣል። የተኳረፉ ባልና ሚስት የጋብቻ ወረቀታቸውን አምጥተው እርሱ ሣጥን ውስጥ ያኖራሉ፤ ከታረቁ በኋላም ለመውሰድ አይቸኩሉም። በእናንተም ሠፈር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ካለ እዘኑለት፤ ዕቃችሁንም ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

እኔ ከእነዚህ ምስኪኖች አንዱ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ዕቃ ግምጃ ቤት ጠብቄ፣ አንዲት ብሎን ሳላጎድል ጡረታ ወጥቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰፋ ያለ ግቢ አለኝ። አንድ ጊዜ አንዲት ጎረቤቴ ለጠበል ወደ መርጡለ ማርያም ስትሄድ እንቁላል የታቀፈች ዶሮዋን አደራ አለችኝ። አሥራ ሁለት እንቁላል ቆጥሬ ተረከብኩ። ስትመለስ አሥራ አንድ ጫጩት አስረከብኳት፤ አሥራ ሁለተኛው እንቁላል አልፈለፈል ስላለ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቀኑን ጽፌበት፣ እርሱንም አስረከብኳት። ሴትየዋ ጨርቁን ስትፈታ የሆነውን አልነግራችሁም። ብቻ አፍንጫዋን እንደያዘች ‹‹ጋሽ ፈንታሁንን የመሰለ ታማኝ የለም›› ብላ በየደረሰችበት አወራች። የመጣብኝም መዘዝ ሁሉ ከዚያ ነው።

ጊዜው ሞባይል ስልክ ከተማችን ገብቶ፣ የመብራት ኃይል ግን ደስ ሲለው ብቻ የሚመጣበት ነበር። በግንቦት መጨረሻ ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ቤት ያዘለች መኪና እየነዱ መጡ። ቤት ያዘለች ስላችሁ እያጋነንኩ አይደለም። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ ዕቃ ማጠቢያ አላት፣ በየመስኮቷ ወፍራም መጋረጃ አላት። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ዞራ ዞራ አየቻትና፣

‹‹እነዚህ ሰዎች ታዲያ ገና ከቤታቸው አልወጡማ!›› አለች።

ባልየው ፒተር፣ ሚስትየዋ አና ይባላሉ። ከአገራቸው ተነሥተው በየብስ እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ሊሄዱ ያሰቡ ናቸው። አፍሪካ ግን አናን ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አቆመቻት፤ ጭቃ አዳልጧት ወደቀችና እግሯ ተሰበረ። በጄሶ ታሽጎ፣ አገሯ ሄዳ እንድታርፍ ተወሰነ። እነርሱ በአውሮፕላን ሊሄዱ ይችላሉ፤ መኪናዋ አትችልም። ክረምቱን የምታሳልፍበት ግቢ ሲያፈላልጉ የከተማው ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ፒተር አደራውን ሲያስረክበኝ ያስተረጎመልን ተከራዬ መምህር ስሜነህ ነው፤ በኋለኛው ክፍል የሚኖር፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ጨዋ ላጤ። አደራው ይህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሞተሩን አስነሥቼ ሩብ ሰዓት ያህል እንድትሠራ አደርጋለሁ። በሯ እንደተቆለፈ ይሆናል። ውስጧ የጋዝ ዕቃ ስላለ እሳት ከቶ አይቀርባትም። እነርሱ መስከረም አጋማሽ ላይ ይመለሳሉ፤ የመኪናዋ የመቆያ ፈቃድ ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ያበቃልና እንደመጡ ወዲያው ነድተው ከአገር መውጣት አለባቸው። ያን ቀን እምቢ ካለች ጉድ ፈላ። ፒተር ይህን ሲናገር እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። አንድ ሰንጠረዥም ሰጠኝ፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀድሞ ታትሞበታል፤ ከጎኑ ‹‹ተነሣች››፣ ‹‹አልተነሣችም›› እና ‹‹ምክንያት›› የሚሉ ዓምዶች አሉት። ፈረምኩ። ፊርማዬን ብታዩት ያዘመመ አጥር ይመስላል።

በሳምንት አንድ ቀን የሚለውን ወዲያው አልተቀበልኩትም። በሳምንት አንድ ቀን ማለት ስድስቱን ቀን ዝም ብለህ ተኛ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለእኔ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ በየማለዳው አስነሣታለሁ። ቁልፉን በክር አሥሬዋለሁ፤ ከወገቤ አይለይም። ከወገቤ የሚፈታው በወር ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ በአሥራ ሁለት ለሚካኤል እና በሃያ አንድ ለማርያም። ሁለቱንም ማኅበር እጠጣለሁ፤ የሁለቱም ጸሐፊ ነኝ። በክብረ በዓል ግርግር ኪስ አውላቂ ስለማይጠፋ፣ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ቁልፉን ለጥሩወርቅ አስረክባለሁ። እርሷ አስቀድሳ በጊዜ ትመለሳለች፤ እኔ ማኅበር ቤት እቆያለሁ። ስመለስም እስከ ማግሥቱ ጧት ቁልፉን አልቀበላትም። ጠላ የቀመሰ ሰው ንብረት አይረከብም፤ ይህ የራሴ ደንብ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ሰው አምናለሁ፤ አንዷ እርሷ ናት። ሁለተኛውን አንዳንዴ እጠረጥረዋለሁ።

እንዲህ በሰላም እየኖርን ሳለን ሰኔ ላይ አንድ ማለዳ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። መኪናዋ ‹‹ጥ›› አለች። ደግሜ ጠመዘዝኩ። አሁን ‹‹ጥ›› ማለቱንም ተወችው።

ያረጋልን አስጠራሁት። ያረጋል መናኸሪያው አካባቢ ባትሪና ዲናሞ የሚሠራ፣ እጁ እንጂ ምላሱ የማያርፍ ባለሙያ ነው። ባትሪውን ፈትቶ ወሰደና ቻርጅ አድርጎ በማግሥቱ መለሰው።

‹‹ምን ሆኖ ነው?›› አልኩት።

‹‹አርጅቷል ጋሽ ፈንታሁን። እንደ እርስዎ ነው፤ ዕረፍት አይስማማውም።››

በሰንጠረዡ ላይ ‹‹አልተነሣችም›› ብዬ ጻፍኩ፤ በምክንያቱ ዓምድም ‹‹እርጅና›› አልኩ። ስጽፈው ትንሽ ቅር አለኝ።

ዘጠኝ ቀን አልፎ እንደገና ድርቅ። ያረጋል በዚህ ጊዜ መሣሪያውን ሁሉ ይዞ መጣ። የባትሪውን አንድ ሽቦ ፈትቶ፣ በሽቦውና በባትሪው ጫፍ መካከል ትንሽ አምፖል አስገባ። ዘዴው ቀላል ነው፤ መኪናዋ ቆማ ሳለ ያች አምፖል ከበራች አንድ የተደበቀ ነገር ባትሪውን እየጠባው ነው ማለት ነው። ካልበራች ጠቢ የለም። አጎንብሰን አየን። አልበራችም። አላመንኩትም፤ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ እንዲያሳየኝ አደረግሁ። እያንዳንዱን በመነጽር አየሁ። ምን እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም፤ ግን ያላየሁትን ነገር አልፈርምም።

‹‹መኪናዋ ንጹሕ ናት፣›› አለ ያረጋል፣ እጁን እየጠረገ። ‹‹ሽቦዋ ደኅና፣ ዲናሞዋ ደኅና። ጋሽዬ፣ መኪና ውሸት አታውቅም። ይህን ባትሪ የሚያወርደው ሰው ነው።››

ሰው። ይህች ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

እስቲ አስቡት። ብሎን ቢሰረቅ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ጎደለ ትላላችሁ። አካፋ ቢሰረቅ ማንጠልጠያው ይመሰክራል። ባትሪው ግን በቦታው አለ፤ ክብደቱም አልቀነሰም። ያለቀው ውስጡ የማይታየው ነገር ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የማይታይ ዕቃ ተረክቤ አላውቅም። ሐምሌ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞት እንቅልፌም አብሮ ሞተ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመኪናዋ በር የተከፈተ ይመስለኛል። ጎረቤቶቻችን ‹‹የፈረንጅ ዛር አድሮባት ነው›› እያሉ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ይስቃሉ። እኔ ከዛሩ ይልቅ መምህር ስሜነህን ጠረጠርኩ።

አትፍረዱብኝ። ያ ሰው ሞባይል ስልክ አለው። መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲቆይ የከተማው ስልክ ሁሉ ሲዘጋ የእርሱ ይጮኻል። ይህን ኃይል ከየት ያመጣዋል? ማለዳ ማለዳ ወደ ሥራው ሲወጣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ከእግር እስከ ራሱ እመለከተው ጀመር። ‹‹እንዴት አደሩ ጋሽ ፈንታሁን?›› ይለኛል። ‹‹ስልክህ እንዴት አደረ?›› እለዋለሁ። እየሳቀ ያልፋል። ሳቁ ራሱ ጥርጣሬዬን አበዛው። ክፍሉን እንዲለቅ ልነግረው ወስኜ፣ ክረምት ነው ብዬ ለመስከረም አቆየሁት።

ጥሩወርቅንም ጠየቅኋት።

‹‹ጥሩ፣ በግቢያችን ሌባ አይተሻል?››

‹‹ሌባ? አላየሁም፣›› አለችኝ፤ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር።

ስለዚህ ወጥመድ አጠመድኩ። በሐምሌ ማርያም ዕለት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት፣ በመኪናዋ መወጣጫ ደረጃ ላይ አንድ እፍኝ ጤፍ በስሱ በተንኩ። የረገጠው ሰው ዱካውን ይተዋል፤ እኔም ጫማውን እለካለሁ። ከማኅበር ስመለስ ደረጃው ተጠርጎ እንደ መስታወት ያበራል። አንዲት ፍሬ የለችበትም።

‹‹ማነው የጠረገው?›› ብዬ ጮህኩ።

‹‹እኔ ነኛ፣›› አለች ጥሩወርቅ፣ ሰፌዷን ይዛ ብቅ ብላ። ‹‹እህል መሬት ላይ ተበትኖ ሰው ሲረግጠው ዝም ብዬ ልይ? ምን ዓይነት ጊዜ መጣ! ለቅሜ፣ አበጥሬ፣ ከሌላው ጋር ቀላቅዬዋለሁ።››

በማግሥቱ መኪናዋ ‹‹ጥ›› አለች። እኔም ወጥመዴ በእንጀራ መልክ ቀረበልኝ፤ በላሁት።

ነሐሴም እንደዚያው ሁለት ጊዜ ገደላት። ያረጋል ባትሪውን ሲወስድና ሲመልስ መንገዱን ስለለመደው ጥሪ መጠበቅ አቆመ፤ አንዳንዴ እኔ ሳልልክበት ‹‹ዛሬስ ደኅና ናት?›› እያለ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላል። በዚህ መካከል መምህር ስሜነህ ከኢንተርኔት ቤት መልእክት ይዞልኝ መጣ። ፒተርና አና በመስከረም አጋማሽ ይገባሉ። የአና እግር ድኗል፤ ደረጃ ትወጣለች። በእኔም ሙሉ እምነት አላቸው።

ሙሉ እምነት የሚለውን ቃል ስሰማ ወዲያው ሰንጠረዡን አወጣሁት።

ከእጄ ቅጂው ያልቀረ ወረቀት ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ለራሴ ልገለብጥ ተቀመጥኩ። ቅጂው የእኔ እንደመሆኑ የፈረንጁን ቀን ትቼ በእኛው አቆጣጠር ልጽፈው አሰብኩና የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርጄ አንድ በአንድ መለስኩት። መኪናዋ ያልተነሣችባቸውን ቀኖች በቀይ እስክሪፕቶ ጻፍኩ። ሰኔ አሥራ ሦስት። ሰኔ ሃያ ሁለት። ሐምሌ አሥራ ሦስት። ሐምሌ ሃያ ሁለት። ነሐሴ አሥራ ሦስት። እዚህ ላይ እስክሪፕቶዬን አስቀመጥኩ። የሚቀጥለውን ሳልቆጥር አወቅሁት።

የሚካኤል ማግሥት። የማርያም ማግሥት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማንን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ይቅር ይበለኝና ቅዱስ ሚካኤልን ጠረጠርኩ። ፈረንጅ መኪናውን በበዓል ቀን ገበያ ወስዶ ይሆናል፤ እርሱም አዝኖበት ይሆናል ብዬ ቀኑን ልቆጥር ስል ከወገቤ ላይ ቁልፉ ጉልበቴን ነካኝ። ቁልፉ። ይህ ቁልፍ በወር ሁለት ቀን ነው ከወገቤ የሚፈታው። ሲፈታስ የሚገባው በማን እጅ ነው?

ከዚያ ወዲያ የማምነው ሰው ቁጥር ወደ አንድ ወረደ። እርሱም እንዳልኳችሁ አጠራጣሪ ነው።

ለማንም ምንም ሳልናገር መስከረም አሥራ ሁለትን ጠበቅሁ። ዕለቱ ሲደርስ እንደ ልማዴ ቁልፉን አስረከብኩ፤ እንደ ልማዴ ሄድኩ። ማኅበሩ ገና ሳይሰየም ግን ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። የሚካኤል ማኅበር ጸሐፊ፣ በሚካኤል ቀን፣ በሚካኤል ደጅ ዋሸሁ። ጠንቃቃ ሰው የት እንደሚደርስ አያችሁ።

በግቢዬ በር ቀስ ብዬ ገባሁ። ረፋዱ ጥርት ያለ ነው። ከመኪናዋ ደረጃ ሥር አንድ ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። የጥሩወርቅ ጫማ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። አንገቴን አስገባሁ።

ግድግዳው ላይ ፈረንጆቹ ሲያልፉ ከአንድ ቦታ የገዙት ሥዕል ተሰቅሏል፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ክንፋቸውን ዘርግተው በግራና በቀኝ የቆሙበት። ሥዕሉን ግራና ቀኝ ይዘው ሁለት የንባብ አምፖሎች አሉ። ሁለቱም በርተዋል። ጥሩወርቅ በባዶ እግሯ፣ ነጠላዋን አመሳቅላ ቆማለች።

‹‹ያችን ምስኪን እግሯን አጽኑላት፣›› ትላለች። ‹‹ካገሯ ወጥታ የወደቀችው በእኛ ጭቃ ነው። ኀፍረቱ የእኛ ነው። አንካሳ ሆና እንዳትቀር፣ አደራ።››

አደራ የምትለዋን ቃል በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እናንተው ገምቱ። እንደዚያ ዕለት ግን ሰምቻት አላውቅም። ልቆጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከመንገድ ጀምሮ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ጠፋብኝ። ጨርሳ እስክትሳለም ድረስ ቆቤን አውልቄ ጠበቅኋት።

‹‹ሌባ አላየሁም ብለሽኝ ነበር፣›› አልኳት።

‹‹አላየሁም። አንተ አይተሃል?››

‹‹መብራት አብርተሻል እኮ።››

‹‹እሳት አይቅረባት ያልከኝ አንተ ነህ። ጧፍ ላበራ ነበር፤ ጋዝ አለ፣ እንቃጠላለን አልክ። ሰዎቹ መኪናቸውን አደራ ሲሉ እመቤታችንን እንዲህ መጋረጃ ተዘግቶባት፣ ጨለማ ውስጥ፣ ለማን አደራ አሏት? ማንም ትዝ ያላት የለም። አምፖሏን ብነካት በራች። ሁለት ናቸው፣ ግራና ቀኝ። ጭስ የለው፣ እሳት የለው። ምን አጠፋሁ?››

‹‹ካበራሽስ በኋላ ለምን አላጠፋሽም?››

እንደ ሕፃን አየችኝ። ‹‹ለስለት የበራ ጧፍ እፍ ይባላል? ራሱ ነው እንጂ የሚያልቀው። ይህም ራሱ ያልቃል። በማግሥቱ ማለዳ መጥቼ ሳየው አልቆ አገኘዋለሁ። የመብራቱን ማብሪያ ወደ ቦታው መልሼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ቁልፍህን አመጣልሃለሁ።››

እንግዲህ የያረጋል አምፖል ያልበራችው ለዚህ ነው። ጠቢው በወር ሁለት ቀን ብቻ ይጠባል፤ ጠብቶ ሲጨርስም አፉን ጠርጎ ይሄዳል።

‹‹የምታልቀው እኮ አምፖሏ አይደለችም፤ ባትሪው ነው፣›› አልኳት። ‹‹መኪናዋ አልነሣ የምትለው በዚህ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስጮህ አልሰማሽም?››

‹‹ሞተሩ ፊት ነው፣ መብራቱ ኋላ ነው፤ ምን አገናኛቸው? አንተ ደግሞ የምትጮኸው ስለ ሌባ ነበር፤ ስለ መብራት ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?››

ጠይቄያት አላውቅም። እውነቷን ነው።

‹‹ገብርኤልስ? ለሚካኤል እያበራሽ ለእርሱ ለምን ተውሽ?›› አልኳት።

‹‹በአሥራ ዘጠኝ ቁልፉን ሰጥተኸኝ ታውቃለህ?››

አምፖሎቹን አላጠፋሁም። እጄን ዘርግቼ ማብሪያውን ነካሁት፤ የአናን እግር የነካሁ ያህል ተሰማኝና መለስኩት። ራሳቸው እስኪያልቁ ድረስ ተውኳቸው። በማግሥቱ ያረጋል ባትሪውን ወሰደ። ‹‹ጠቢው ተገኘ?›› ሲለኝ፣ ‹‹ተገኝቷል፤ አስታርቄዋለሁ›› አልኩት። ለመምህር ስሜነህ ግን ሁሉን ነገርኩት፤ በጥርጣሬ የከረምኩበትን ሰው ይቅርታ ሳልጠይቅ መዋል አልቻልኩም። ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ጄኔሬተር ባለው ትምህርት ቤት ኖሯል። ራሱን ይዞ ሳቀ።

‹‹እኔማ ጋሼ፣ በየማለዳው ከእግር እስከ ራሴ ሲያዩኝ የእኅትዎን ልጅ ሊድሩልኝ እያጤኑኝ መስሎኝ፣ ሁለት ሸሚዝ አሠርቻለሁ።››

የቀረው ሰንጠረዡ ነው። ፒተር ያነበዋል። በምክንያቱ ዓምድ ምን ልጻፍ? ባለቤቴ ገብታ ነበር ብል በሯ እንደተቆለፈ ይሁን የተባልኩትን አደራ አፈረስኩ። ሠላሳ ዓመት ያልጎደለ ስሜ በአንድ መስመር ጎደለ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ተነሥቼ አሰብኩ። በመጨረሻ ባዶ በቀሩት መስመሮች ሁሉ ላይ ‹‹ያልታወቀ›› ብዬ ጻፍኩ። በሥራ ዘመኔ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ፊደሉ ግን ከሌላው ሁሉ ያምር ነበር።

እንደተባለው መጡ። አና ከታክሲው በራሷ እግር ወረደች፤ አላነከሰችም። ጥሩወርቅ ጉንጯን አገላብጣ ስማ፣ ወዲያው ጎንበስ ብላ እግሯን በእጇ ዳበሰችው። ‹‹ስሟ ሐና ነው፤ የእመቤታችን እናት ስም። እንዴት አይማሩላት!›› አለችኝ። ፒተር ቁልፉን ሲጠመዝዝ ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ሰንጠረዡን አየ፤ ‹‹ያልታወቀ›› የሚለውን መምህሩ ተረጎመለት፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግሥቱ ሲሄዱ ሁለቱ ሴቶች መኪናዋ ውስጥ በምልክት ሲያወሩ ቆዩ። ጥሩወርቅ የግድግዳችንን ቀን መቁጠሪያ፣ የእኛም የፈረንጁም ቀን ያለበትን፣ ጠቅልላ ስትሰጣት አየሁ። የመታሰቢያ ስጦታ ነው ብዬ ደስ አለኝ። መኪናዋ ከእጄ ወጣች፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተኛሁ።

ታኅሣሥ እንደገባ መምህር ስሜነህ አንድ የታተመ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ከፒተር ነው። እያነበበ ተረጎመልኝ። ድንበሩን በሰላም አልፈዋል። ናይሮቢ ወዳጃቸው ቤት ለማረፍ ተቀምጠዋል፤ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶታል። ባትሪዋ በኖቬምበር የመጀመሪያ ቀን ሞቶ ተገኘ፤ አዲስ ገዝቶ አስገባ። እርሱም በዲሴምበር የመጀመሪያ ቀን ሞተ። ሁለት ባለሙያ ፈትሾ ምንም አላገኘም። በየወሩ መባቻ የምትታመም መኪና አይቶ አያውቅም። በእኔም ሰንጠረዥ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስላለ፣ ምክንያቱን ደርሼበት እንደሆነ ስለ ወዳጅነታችን እንድነግረው ይለምነኛል። በመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ ‹‹አናን ሌባ አይተሽ እንደሆነ ብዬ ጠየቅኋት፤ አላየሁም አለችኝ።››

አዲሱን ቀን መቁጠሪያ አወረድኩ። ኖቬምበር አንድ፣ ጥቅምት ሃያ ሁለት። ዲሴምበር አንድ፣ ኅዳር ሃያ ሁለት። ቀና ስል ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

‹‹ምን ምን ቀን ነው ምልክት ያደረግሽላት?›› አልኳት።

‹‹ሃያ አንድን ብቻ። ያኔ ልመና ነበር፤ አሁን ምስጋና ነው፤ ለምስጋና በወር አንድ ቀን ይበቃል።››

‹‹ተመስገን።››

‹‹እ... የታኅሣሥ ገብርኤልንም በእስክሪፕቶ ከብቤላታለሁ። ትልቅ በዓል ነው፤ እርሱ ክረምቱን ሙሉ ምንም ሳይበራለት ነው የቆየው። እርሷ ደግሞ ቁልፉ ሁልጊዜ በእጇ ነው።››

መምህር ስሜነህ እስክሪፕቶውን ይዞ ይጠብቃል። ሊስቅ ፈልጎ ስለፈራኝ ጢሙን ያሻሻል። እኔ ብዙ አሰብኩ፤ ከንቱ ስሜንም አሰብኩት።

‹‹ጻፍ፣›› አልኩት። ‹‹ጋሽ ፈንታሁን በሰንጠረዡ ላይ ‘ያልታወቀ’ ብለው የጻፉት ሐሰት ነው፤ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ምክንያቱ ይታወቃል። ባለቤታቸው ታውቀዋለች፤ አናም ታውቀዋለች። ሌባ አይተሽ እንደሆነ ብለህ አትጠይቃት፤ ለማን አበራሽ ብለህ ጠይቃት።››

ጻፈ። ልፈርምበት ወረቀቱን ከተቀበልኩ በኋላ ጥንቃቄዬ ተነሣብኝና መለስኩለት።

‹‹ታኅሣሥ ሃያና ሃያ ሁለት በፈረንጅ ስንት ናቸው?››

ቆጠረ። ‹‹ዲሴምበር ሃያ ዘጠኝ እና ሠላሳ አንድ።››

‹‹እንግዲያው ከሥር ጨምርበት። በእነዚህ ሁለት ቀኖች ጧት ወዴትም ልሂድ ብሎ አያስብ።››